ስድስተኛው መስመር

ውዳሴ ስትፈራ ፊቷ አይለወጥም። ድምጿም አይለወጥም፤ እንዲያውም ምላሷ ይስላል። የሚያጋልጣት ቀኝ እጇ ብቻ ነው፤ ሳታዘው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ፍርሃት በመጣባት ቁጥር እጇን ከጠረጴዛው ሥር ትከተዋለች። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አያውቅባትም።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ዓርብ እጇ ከጠረጴዛው ሥር ነበር።

ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀይ መስመር ተሰምራለች። መስመሯ ከሚያዝያ ጀምሮ ቀስ እያለች ሽቅብ ስትወጣ ከርማ፣ መጨረሻዋ ላይ እግሯ እንደከዳት በቅሎ ወደ ገደል ትወረወራለች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ ጋሽ ዳኜ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ዓለም ሁሉ የሰርቨር ፍላጎት ይጨምራል እያለ፣ አንቺ ብቻሽን ይወድቃል ትያለሽ።»

«ዓለም ሁሉ ተሳስቶ ያውቃል፣ ጋሼ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ስሳሳት አይተውኝ ያውቃሉ?»

አላዩም። ጋሽ ዳኜ የቢሮው ባለቤት ናቸው። ቢሮው ላፍቶ፣ ከአንድ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስድስት ደዋዮች ቀኑን ሙሉ በየአገሩ ወዳሉ መጋዘኖች እየደወሉ ስንት ሰርቨር እንደታዘዘ፣ ስንት እንደወጣ ይጠይቃሉ። ውዳሴ ቁጥሩን ሰብስባ፣ በመጪዎቹ ሦስት ወራት ዓለም ስንት ሰርቨር እንደሚፈልግ ትተነብያለች። ትንበያውን የሚገዛው ሆላንድ አገር ያለ ድርጅት ነው። መስመሩ ሽቅብ ከሆነ ሰርቨር ለማሠራት ፋብሪካዎቹ ዘንድ የያዘውን ወረፋ ያጠብቃል፤ ቁልቁል ከሆነ ይለቃል። አንዴ የተለቀቀ ወረፋ ደግሞ ዓመት ሙሉ ተመልሶ አይገኝም።

እናቷ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አንድ ቀን ሥራዋ ምን እንደሆነ ጠይቀዋት ነበር።

«እማዬ፣ ስልክሽ ላይ መዝሙር ስትከፍቺ ከሰማይ የሚወርድ ይመስልሻል? የሆነ አገር የተቀመጠ ትልቅ ኮምፒውተር ነው የሚያቀብልሽ። ሰርቨር ማለት እሱ ነው። እኔ ዓለም ስንት ሰርቨር እንደሚያስፈልገው ቀድሜ እናገራለሁ።»

«ጠንቋይ ሆንሽ በይኛ!» ብለው አማተቡ።

ውዳሴ ዲግሪ የላትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ውጤቷ አልሞላም። ነፋስ ስልክ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ፣ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ቁጥርን ከስልኳ ላይ ለብቻዋ ተማረች። ጋሽ ዳኜ የቀጠሯት፣ ኮፒ ሊያስደርጉ ያመጡት ወረቀት ላይ ሦስት ስህተት አውጥታ፣ «ይሄን ለሰው ከመስጠትዎ በፊት ያስተካክሉት» ስላለቻቸው ነው። ሌላ ቢሮ ብትሄድ መጀመሪያ የሚጠይቋት ወረቀት ነው። ይሄ ቢሮ ብቻ ነበር «ውዳሴ ካለች አለቀ» የሚላት። እናም በዚህ ዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቀን ተሳስታ፣ እዚያ ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ተመልሳ መቆም።

ጋሽ ዳኜ ቀይዋን መስመር ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ላኪው» አሉ በመጨረሻ።

ላከችው። ሆላንዶቹ ለውሳኔ የሚሰበሰቡት ሰኞ ነው፤ በእኛ አራት ሰዓት።

*

ኤልያቄምን መጀመሪያ ያየችው በሚያዝያ፣ ከሀና ማርያም በሚነሳ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። ስልኳ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የተሰመረውን መስመር እያየች ሳለ፣ አጠገቧ የተቀመጠ ቀጭን ረጅም ልጅ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ይቅርታ፣ ይሄ ተራራ የት አገር ነው?»

«ሰው ስልክ ላይ የሚያጮልቅ የማይደርስበት አገር።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ የተሰደበ ሰው ሳይሆን ስጦታ የተቀበለ ሰው አሳሳቅ። ላፍቶ ስትወርድ ወረደ። ደረጃውን ስትወጣ ወጣ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ዞር አለችበት።

«ትከተለኛለህ?»

«እኔ ዛሬ ሥራ ልጀምር ነው» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ይልቅ አንቺ ነሽ የምትከተይኝ። ከፊት ሆነሽ።»

ኤልያቄም የሆሳዕና ልጅ ነው። በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያናቸው ከውጭ ለሚመጡ ሰባኪዎች እያስተረጎመ ነው እንግሊዝኛውን የተማረው። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ በሌሎች ላይ ስልክ የሚዘጉት የመጋዘን ሰዎች እሱን ስለ ልጆቻቸው ሳይቀር ያጫውቱታል። ስለዚህ ጋሽ ዳኜ ከሁሉም ትላልቆቹን አሥራ አንድ መጋዘኖች ሰጡት።

የመጀመሪያው ቀን ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተሩን ይዞ ውዳሴ ጠረጴዛ ፊት ቆመ።

«ቁጥሩን እንዴት ነው የምልክልሽ?»

«ወር ባለቀ ቁጥር አንድ መስመር። የወር ስም አትጻፍብኝ፣ ቁጥር ብቻ። ኮምፒውተሩ ወሬ አይወድም።»

«ማለት የትኛው—»

«ወር ባለቀ ቁጥር፣ አንድ መስመር! ምኑ ይከብዳል? ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።»

«እሺ» አለ። ደብተሩ ላይም አንድ ነገር ጻፈ።

ከዚያ ወዲያ ወራቱ እንዴት እንዳለፉ ውዳሴ አታውቅም። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው ወደ በረንዳው ይወጣል፤ እሱ ሁልጊዜ ከእሷ ሦስተኛ ሰው ሆኖ ይቆማል። አጠገቧ አይደለም፤ ሩቅም አይደለም። ቀና ስትል ዓይኑን ታገኘዋለች። ዓይኑን አይሰብርም፤ ግን ምንም አይልም። ዝምታው ያስፈራት ነበር። ቁጥር ቢሆን ትተነብየው ነበር፤ ይሄ ግን ወዴት እንደሚሄድ መስመር አይወጣለትም።

«ልጁ ሊሞትልሽ ነው» አለቻት ጫልቱ፣ ከደዋዮቹ ሁሉ አንደበተ ርቱዕዋ። «ቢያንስ ቀብሩ ላይ እንድትገኚ።»

«ሥራሽን ሥሪ።»

«እየሠራሁ ነው እኮ። ሲንጋፖር ስልክ አያነሳም፤ አንቺም አታነሺም።»

ትንበያው ከመላኩ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ውዳሴ የኤልያቄምን የመጨረሻ መስመር ስታይ ደነገጠች። አምስተኛው መስመር አርባ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ይላል። ስድስተኛው ስድስት ሺህ አራት መቶ። ወንበሯን ይዛ ወደሱ ዞረች።

«ስድስተኛውን በደንብ ደምረኸዋል?»

«ሦስት ጊዜ። ግን እኮ—»

«ግን የሚባል ቁጥር የለም። ትክክል ነው፣ አይደለም?»

«ድምሩ ትክክል ነው።»

«በቃ።»

አፉን ከፍቶ ቆየና ዘጋው። እሷ ወደ ስክሪኗ ዞራለች። ዓለም ያላየውን ውድቀት ብቻዋን አይታለች፤ ልቧ በፍርሃትና በኩራት ይመታ ነበር፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልለየችውም።

*

ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ኤልያቄም ደረጃው ሥር ጠበቃት።

«ምሳ ልጋብዝሽ።»

«ለምን?»

«ርቦኝ።»

ከቀለም መሸጫው ጀርባ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ገቡ። ሽሮ ታዘዘ፤ ሽሮው መጣ፤ ሽሮው በረደ። ኤልያቄም አንዴ ማንኪያውን፣ አንዴ የውሃውን ብርጭቆ ያዟዙራል። በመጨረሻ ጥቁሩን ደብተር ከቦርሳው አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ገፋላት።

«ዕድሜዬን የሰው ቃል ሳስተረጉም ኖሬ» አለ፣ «የራሴ ላይ ስደርስ አፌ አይታዘዝልኝም። አንብቢው። ዳር ዳሩን።»

ከፈተችው። በየገጹ መሐል የመጋዘኖች ስምና ቁጥር በጥንቃቄ ተደርድሯል። ዳር ላይ ግን በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል ሌላ ነገር አለ።

«ጳጉሜን 1። ሲንጋፖር ተጨናንቋል። ቢጫ ሹራቧን ለብሳለች።»

«ጳጉሜን 3። የሩፋኤል ዝናብ። የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ይጨፍራሉ። ጃንጥላዬን አልቀበልም አለች፤ እኔም አልዘረጋሁትም። ተያይዘን በሰበስን።»

«ጳጉሜን 5። ዓመቱ ሊያልቅ ነው። ያልነገርኳት ነገር ወደ መጪው ዓመት ተሻገረ።»

ቀና ብላ ልታየው ፈራች። ዓይኗን ከፊቱ ለማሸሽ ብላ ወደ ገጹ ግርጌ አወረደችው።

«የጳጉሜን ድምር፦ 6,400። ተልኳል።»

ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ ጠፋ።

ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች። ሚያዝያ አንድ መስመር። ግንቦት አንድ መስመር። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ስድስተኛው ጳጉሜን። አምስት ቀን፤ እሑዱን ብናነሳ አራት የሥራ ቀን። እሷ የሠራችው ቀመር ደግሞ የእያንዳንዱን ደዋይ የመጨረሻ መስመር እንደ ሙሉ ወር ነው የሚያነበው። ሌሎቹ ደዋዮች በፈረንጅ ወር ይመዘግባሉ፤ እነሱ ጳጉሜን የላቸውም።

የወደቀ ነገር የለም። ገደልም የለም። ዓለም ሰርቨር መግዛት አላቆመም፤ እሷ ናት የአራት ቀን ሥራን ወር ብላ ለሆላንድ የላከችው።

«ጳጉሜንን እንደ ወር ላክህልኝ?» አለች። ድምጿ አልተለወጠም። እጇ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል።

«ወር ባለቀ ቁጥር አንድ መስመር አልሽኝ። ጳጉሜንም ወር ነው፤ አለቀ። ሐሙስ ልነግርሽ ስል—»

«አምስት ቀን ነው ወር?»

«አሥራ ሦስተኛ ወር ነው፣ ውዳሴ። የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ እየተባልን አይደል ያደግነው?»

«አንተን ስልክ ያስያዘህ ሰው ነው ጥፋተኛው! ደብተርህ ላይ የሹራብ ቀለም ከምትለቅም ሥራህን ብታስብ ኖሮ ዛሬ አልጠፋም ነበር!»

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ኤልያቄም አልተቆጣም፤ ብቻ ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን እንደ መብራታችን ድርግም አለ።

«አንቺ ወረቀት የለሽም» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚህ ብትወጪ የት እንደምትሄጂ ታውቂያለሽ። እኔ ሌላ ቦታ ስልክ አነሳለሁ። በእኔ ላይ አድርጊው።»

ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። ደብተሩ እሷ እጅ ቀረ።

*

እሑድን ውዳሴ ሀና ማርያም፣ እናቷ ቤት፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አሳለፈችው። ላፕቶፗ ጭኗ ላይ ነው። ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደምራ እንደገና አሰላች። ቀይዋ መስመር ገደሉን ትታ ሽቅብ ወጣች፤ እንደ ዓለም ሁሉ ትንበያ፣ እንደ ማንም ሰው መስመር።

እርማቱን መጻፍ ጀመረች። «መረጃ ሰብሳቢው ባደረገው ስህተት ምክንያት…» አለች። አነበበችው። ውሸት አይደለም። ደግሞም ልጁ ራሱ ፈቅዷል። ነገ ጠዋት ይሄን ለጋሽ ዳኜ ትሰጣለች፤ ኤልያቄም ይሄዳል፤ እሷ ትቀራለች። «ውዳሴ ካለች አለቀ» እንደተባለች ትኖራለች።

ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጠች።

«መመሪያ ከውዳሴ። የወር ስም አይጻፍ፣ ቁጥር ብቻ። ወር ባለቀ ቁጥር አንድ መስመር። የትኛው የወር አቆጣጠር እንደሆነ ልጠይቃት ስል አትጠይቀኝ አለች። እሺ።» ከዳሩም በእርሳስ፦ «ባለ ተራራዋ ልጅ ናት። ስሟን አወቅሁ።»

ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ የለም፤ የምትደብቅበት አጣች።

ይቺ ገጽ ብቻ ናት ምስክሩ። ብትቀድዳት ኤልያቄም የሚያሳየው ነገር የለውም። ብታሳያት ደግሞ ገጿ ብቻዋን አትሄድም፤ ቢጫው ሹራብ፣ ዝናቡ፣ ያልተነገረው ነገር ሁሉ ጋሽ ዳኜ ፊት ይዘረገፋል። የገጹን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘችው። ለምን ያህል ጊዜ እንደያዘችው እሷና ማርያም ያውቃሉ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በር ላይ ቆመዋል።

«የማን ደብተር ነው?»

«የሥራ ነው።»

«ሥራ እንዲህ ያስለቅሳል?» ጠጋ ብለው ተቀመጡ። «የዚያ ጌታ ጌታ የሚለው ልጅ ነው? ጫልቱ የነገረችኝ?»

«ጫልቱ አፏን…»

«ተያት እሷን። ልጁን ወደድሽውም ጠላሽው፣ የሰው ዕቃ ቤቴ ውስጥ አይክረም። ነገ በጠዋት መልሺለት።» ተነሡና ደግሞ ዞር አሉ። «ሙሉውን። እንደተሰጠሽ።»

ውዳሴ የገጹን ጫፍ ለቀቀች።

*

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃውን ወጣች። የደዋዮቹ ክፍል ውስጥ የኤልያቄም ወንበር ባዶ ነው። ጫልቱ እንኳ ቀልድ አልነበራትም፤ በአገጯ የጋሽ ዳኜን በር አመለከተቻት።

ቀድሟታል።

«…ማስታወሻህን አምጣና ልየው እያልኩህ ነው!» ይላሉ ጋሽ ዳኜ ከውስጥ።

«ጠፍቶብኛል ጋሼ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ውዳሴ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

ውሸት የማያውቅ ሰው ሲዋሽ ያስታውቃል፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። ውዳሴ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ደብተሩን ጋሽ ዳኜ ፊት አኖረችው፤ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ።

«አልነገርኩትም» አለች። «ሊጠይቀኝ ሲል ነው አፉን ያስያዝኩት። ሐሙስም ሊነግረኝ ነበር፣ አላስጨረስኩትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ውዳሴ!» አለ ኤልያቄም። ዓይኑ ደብተሩ ላይ ነው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ጋሽ ዳኜ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። አነበቡ። ገጽ ገለጡ። እንደገና ገለጡ።

«ቢጫ ሹራብ» አሉ ለራሳቸው። ቀና ሳይሉ ሌላ ገጽ ገለጡ፤ ከዚያ ደብተሩን በቀስታ ዘግተው ሁለቱንም አዩአቸው። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሊሆን ነው።»

«እርማቱን ላኪ። በራስሽ ስም። ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ጽፈሽ። ከዚያ እንጠብቃለን። ወረፋውን ለቀው ከሆነ፣ እኔም አንቺም ይሄን በር እንዘጋለን።»

ጻፈች። «እኔ» የሚለው ቃል እንዲህ ይከብዳል ብላ አስባ አታውቅም። ላከች።

አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል። ደዋዮቹ ስልካቸውን አስቀምጠዋል፤ ማንም ወደ ማንም አያይም። ከታች የቧንቧ ብረት ሲቆረጥ ይጮሃል። ውዳሴ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። መብራት ብልጭ ሲል ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ፤ ግን አልጠፋም።

ጋሽ ዳኜ ወጡ። ፊታቸው ምንም አይናገርም።

«አልለቀቁም» አሉ። «ወረፋው እንዳለ ነው። ከእኛም ጋር ይቀጥላሉ።»

ጫልቱ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ እጃቸውን አነሡባት።

«ግን ለሁለት ሩብ ዓመት ከውዳሴ እጅ ትንበያ አይቀበሉም። እነሱ ባይሉኝም እኔ እላት ነበር። ሰውን አፍ እያስያዘ ቁጥር የሚሰበስብ ሰው፣ መጀመሪያ ራሱ ቁጥር ይልቀም። ከዛሬ ጀምሮ ደዋይ ነሽ።» ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ በር ላይ ቆም አሉ። «ወንበርሽን አንቺው ያዢ፤ ከባድ ነው።»

የፈራችው ደረሰ። ከፍ ካለችበት ወረደች፤ ያውም ሰው ሁሉ እያየ። ከሁለት ሩብ ዓመት በኋላ ጠረጴዛዋ ይጠብቃት እንደሆነ ማንም አልነገራትም። ወንበሯን እየጎተተች ክፍሉን አቋረጠች፤ የወንበሩ እግር ሲሚንቶውን እየፋቀ ጮኸ።

«እንኳን ወደ ሕዝቡ መጣሽ!» አለች ጫልቱ።

ክፍት የነበረው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ኤልያቄም አጠገብ። ተቀመጠች። ጥቁሩን ደብተር መለሰችለት። ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ መልሳ ወሰደችው፤ እርሳሱንም ከጆሮው ላይ መንጠቅ በሚመስል አኳኋን አነሣችው፤ በዕለቱ ገጽ ዳር ላይ ጻፈች። ፊደሉ ተወላግዷል።

«መስከረም 12። ውዳሴ ይቅርታ ጠየቀች። አፏ አልታዘዝ ስላላት ጻፈችው። ጳጉሜን 5 የተሻገረው ነገር ደርሶኛል።»

ኤልያቄም አነበበ። ዳግመኛ አነበበ። ዙሪያቸው ስልኮች እንደገና መጮህ ጀምረዋል።

«ግን እኮ—» አለና እንደ ልማዱ ቆመ፤ እስክታቋርጠው።

አላቋረጠችውም። «ግን ምን? ጨርሰው።»

«ግን እኮ… ፈርቻለሁ።»

«እኔም» አለች ውዳሴ።

ቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሁሉም ሰው ሊያየው በሚችልበት ቦታ፣ እየተንቀጠቀጠ። ወደ ሥር አላስገባችውም። ኤልያቄም የራሱን እጅ ቀስ ብሎ በላዩ አኖረ። የእሱም ይንቀጠቀጥ ነበር።